«ኮሜዲ ነው ወይ?» ብዬ በእንግሊዝኛ ሰው ሳላስቀይም እንዴት ልጠራጠር?

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ሰላም ጎበዝ። የእንግሊዝኛ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ስጽፈው ግን ነገሩ የእንግሊዝኛ ብቻ እንዳልሆነ እየታየኝ ነው። እስኪ አንብቡና ፍረዱ።

የሰፈራችን ልጆች አንድ ቲያትር ሠርተዋል። ደሴም ኮምቦልቻም አሳይተውታል። አሁን ቪዲዮውን ውጭ ላሉ የወሎ ልጆች ሊለቁት ነው። እዚያ የተወለዱት አማርኛ ስለማያነቡ ከሥሩ አጭር የእንግሊዝኛ አስተያየት እንድጽፍ እኔን ጠየቁኝ። ፖስተሩ ላይ በቀይ ፊደል «ሳቅ በሳቅ! ሙሉ ኮሜዲ!» ይላል። አዘጋጁ ጎረቤቴ ነው፣ አያ ነው የምለው። ቡና አብረን ነው የምንጠጣው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት እናት ላሟን ሸጣ ልጇን ሳዑዲ ትልካለች። ደላላው ባቲ ሲደርሱ ብሩን ይዞ ይሰወራል። ልጁ አፍሮ ቤቱ አይመለስም፤ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሸክም እየተሸከመ ይኖራል። ለእናቱ ግን በየሳምንቱ እየደወለ «ጅዳ ነኝ» ይላታል። ሲደውል አንድ ጓደኛው ከጎኑ ቆሞ አሠሪ መስሎ በአረብኛ ይጮህለታል። ጓደኛው ክርስቲያን ነው፤ የሚያውቃት አረብኛ የጎረቤት ሰርግ ላይ የሰማትን ያህል ናት። ሌላው ደግሞ በአፉ «ፍሽሽሽ» እያለ ኤሲ ይሆናል። በመሀል የሚኒባስ ረዳት «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» ብሎ ያልፋል። እናትየው «ልጄ፣ ጅዳም ደሴ የሚሄድ መኪና አለ እንዴ?» ስትል ልጁ ትንሽ ያስብና «ሐበሻ በዝቷል እማ» ይላታል። አዳራሹ ፈረሰ ነው የምላችሁ።

መጨረሻው ግን ሌላ ነው። እናትየው ኮምቦልቻ ትመጣለች። መናኸሪያ ወርዳ ጀርባውን የሰጣትን ተሸካሚ «ልጄ፣ ይችን ጆንያ አድርስልኝ» ትለዋለች። እሱ ነው። ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ይሸከምላታል። 50 ብር ትሰጠዋለች። ሄዳ ትመለስና 20 ትጨምርለታለች። ማታ «ከጅዳ» ሲደውልላት «ዛሬ አንተን የመሰለ ልጅ ሸክሜን አደረሰልኝ» ትለዋለች። ትንሽ ዝም ብላ «ትከሻህን አደራ» ትላለች። መብራት ይጠፋል።

ደሴ ላይ ሰዉ ጭጭ አለ። እኔም ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። እና ይሄን ኮሜዲ ብዬ ልጻፍ? እንደምጠራጠር በእንግሊዝኛ መናገር እፈልጋለሁ። አያን ግን ማስቀየም አልፈልግም። ምን ልበል?

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)፦

«ሶ ኮልድ ኮሜዲ» በልና ገላገል 😂

መምህርቷ (ወልዲያ)፦

ኧረ በአላህ እንዳትለው! ወንድሜ ቧንቧ ውሃ፣ ሰውዬውን ከጎረቤቱ ልታጣላው ነው።

«ሶ ኮልድ» ማለት የእኛው «ተብዬ» ነው። «ዳኛ ተብዬው» ስትል ዳኛውን እንዳወረድከው ሁሉ «ሶ ኮልድ ኮሜዲ» ካልክ ጥርጣሬ መግለጽህ አይደለም፤ ፈርደህ ጨርሰሃል። «ኢፍ ዩ ካን ኮል ኢት ዛት» የምትለዋን መጨረሻ ላይ መቀጠልም ያው ስድብ ነው፤ ከንፈር መምጠጥ አለበት። «ሰፖዝድ ቱ ቢ ኤ ኮሜዲ» ደግሞ ኮሜዲ ሊሆን ታስቦ ከሸፈ እንደማለት ነው የሚሰማው። የልጆቹ ሥራ ከሽፏል ማለት ካልፈለግክ ተዋት።

አንዳንድ ተማሪዎቼ «አሌጅድሊ»ን ይወዷታል። እሷ የፖሊስና የፍርድ ቤት ዜና ቃል ናት። ገና ያልተፈረደበትን ሰው ጋዜጠኛ «ሰርቋል» ላለማለት የሚከለልባት ናት። ቲያትር ላይ ካመጣሃት ቲያትሩን ተከሳሽ አድርገህ እየቀለድክ ነው። ቀልዱ ይሠራል፤ ግን በአያ ላይ ነው የሚሠራው።

ብዙ ሰው የምትጥለው ደግሞ «ኖት ኤግዛክትሊ ኤ ኮሜዲ» ናት። ላይ ላዩን ስታያት «ሙሉ በሙሉ ባይሆንም» የምትል ለስላሳ ነገር ትመስላለች። ፈረንጅ ሲላት ግን አብዛኛውን ጊዜ «ጭራሽ አይደለም» ማለቱ ነው። እያለሰለስክ መስሎህ ትመታዋለህ።

የጥቅስ ምልክትም እንዳታስገባ! እኛ አገር ለማጉላት ብሎ «ትኩስ» ዳቦ አለ የሚል ጽሑፍ በጥቅስ አድርጎ በሩ ላይ የሚለጥፍ ባለሱቅ አለ። እንግሊዝኛ ያደገበት ሰው ሲያነበው ዳቦው የትናንት ነው ብሎ ያልፋል። ኮሜዲን በጥቅስ ውስጥ ከተትከው ማለት አሽሟጠጥክበት ማለት ነው።

በጨዋ ደንብ ከሆነ ግን «አይም ኖት ሹር አይ ውድ ኮል ኢት ኤ ኮሜዲ» አለልህ። ጥርጣሬውን አንተ ትሸከመዋለህ፤ ሥራው አይነካም። ትሕትናዋን የምታመጣው «ውድ» ናት፤ እሷን አውጥተህ «አይ ዶንት ኮል ዚስ ኤ ኮሜዲ» ካልክ ዱላ ይሆናል። «ኤ ኮሜዲ ኦፍ ሶርትስ» ደግሞ «ኮሜዲ ቢጤ» እንደማለት ናት። በአፍ ስትነገር እንደ ድምፁ ፍቅርም ንቀትም ትሆናለች። በጽሑፍ ድምፅ የለም፤ አንባቢው የፈለገውን ይወስዳል።

እኔ ብሆን «ቢልድ አዝ ኤ ኮሜዲ» እላለሁ። ፖስተሩ ኮሜዲ ይላል ማለት ነው፤ በቃ። አንተ አልመሰከርክም፣ አልካድክም።

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦

መምህርት፣ እድሜ ይስጥልኝ። ይቺን ትምህርት ቤት እያለሁ የሚነግረኝ አጥቼ ነው።

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)፦

አንድ ነገር ልበል። ደሴ ጭጭ አለ ብለሃል። እኔ ያየሁት ኮምቦልቻ ነው፤ እዚህ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ተስቋል። ያውም እነማን እንደሳቁ ታውቃለህ? ፊት ወንበር የተቀመጡት የመናኸሪያ ልጆች፣ ራሳቸው ተሸካሚዎቹ! ሴትየዋ ተመልሳ 20 ብር ስትጨምር አንደኛው ተነስቶ «ወላሂ እናቴም ከዚህ በላይ አትሰጠኝም!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ያንተ ሰፈር ሰው አዝኖ ዝም ስላለ ኮሜዲነቱ ይቀራል? ሥራው ስለማን ነው? ስለ ተሸካሚ። ተሸካሚው ከሳቀ አለቀ። ደሴ ላይ ያሳዘናቸው የሰው ኑሮ ስለሆነ ነው። ብርዱም ይሆናል 😄 እናንተ ከላይ ጉም ውስጥ ናችሁ፣ እኛ ከታች ፀሐይ እንሞቃለን።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)፦

ሐረጎን ወርዳችሁ ላብ በላብ ስትሆኑ ነው ፀሐይ መሞቅ የሚባለው?

ያየሁትን (ባቲ)፦

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ቲያትሩን አላየሁም። ማየትም አልፈልግም።

ወንድሜ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ከባቲ ወደ አፋር፣ ከአፋር ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን። የመን ላይ የያዙት ሰዎች ስልክ አስይዘው እያስለቀሱ «ብር ላኩ» አስባሉት። እናቴ ያን ድምፅ ሰምታለች። ዛሬም የማታውቀው ቁጥር ከደወለ ስልኩን እኔ ነኝ የማነሳው። እና «ጅዳ ነኝ እማ» የሚል የስልክ ቀልድ ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲስቅ ማሰብ ይከብደኛል። በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። በአማርኛ ግን ይሄ ኮሜዲ አይባልም።

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦

እህቴም ሁኚ ወንድሜ፣ አላህ ያጽናችሁ። ያልሽው ትክክል ነው፤ ብዙው ሰው የሚስቀው ልጁ መንገድ ላይ ሳይሆን ኮምቦልቻ መሆኑን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ይመስለኛል። ልጁ ደህና ነው። ጀልባው ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ኤሲ የሚሆነው ልጅ አያስቅም ነበር።

ያየሁትን (ባቲ)፦

እህትህ ነኝ። ልጁ ደህና ነው ያልከውን አልተቀበልኩትም፣ ግን ገብቶኛል።

ሲያትል ያለው የቦረና ልጅ፦

የኛ የወሎ ቦረና ማለቴ ነው፣ እንዳትሳሳቱ።

ወገን፣ ይሄ ክርክር እዚህም አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ጎልደን ግሎብ ላይ በኮሜዲና ሙዚቃዊ ዘርፍ ያሸነፈው ፊልም የትኛው ነው? «ዘ ማርሺያን»። አንድ ሰው ማርስ ላይ ብቻውን ተጥሎ ድንች እየተከለ የሚተርፍበት ፊልም! ሰውዬው ይቀልዳል፣ እውነት ነው። ግን ስንት ሰው ነው «ኮሜዲ?» ብሎ በአንዲት ቃልና በጥያቄ ድምፅ ብቻ የሳቀባቸው። መምህርት፣ ይቺንም ቁጠሪያት። ከሁሉ አጭሯ የእንግሊዝኛ ጥርጣሬ እሷ ናት። በኋላ ሸላሚዎቹ ራሳቸው «ትንሽ የሚያስቅ ነገር ያለበት ድራማ በድራማ ይመዝገብ» ብለው ደንባቸውን አስተካከሉ።

ቴሌቪዥኑም ያው ነው። የኤሚ ሸላሚዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በታች የሆነውን ኮሜዲ፣ ከዚያ የረዘመውን ድራማ ብለው መደቡ። በደቂቃ! ያን ደንብ ኋላ ተዉት። «ዘ ቤር» የሚባል ተከታታይ አለ፤ ወንድሙ ራሱን ያጠፋ ምግብ አብሳይ ታሪክ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ሲጯጯሁ እኔ ደም ግፊቴ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ምርጥ ኮሜዲ ተብሎ ተሸለመ። እስከ ዛሬ ሰው ይጨቃጨቅበታል።

ስለዚህ ፈረንጅ ራሱ ባልቆረጠው ነገር አትጨነቅ።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)፦

ልጆች፣ እኔ እንግሊዝኛውን ለመምህርቷ ትቻለሁ። ስለ ሳቁ ግን አንድ ነገር አለኝ።

ልጅ ሆኜ ላሊበሎች ጎህ ሳይቀድ እየመጡ በራችን ላይ ይዘፍኑ ነበር። ካልዘፈኑ ቁምጥና ይይዛቸዋል ይባል ነበር፣ ስለዚህ ብርድም ቢሆን ዝናብም ቢሆን አይቀሩም። ፊታቸውን ተከናንበው አንዱ ይቀበላል፣ አንዷ ታወጣለች። ቶሎ ወጥተህ ከሰጠህ አባትህን፣ አያትህን፣ በሬህን ሳይቀር ያወድሱልሃል። ከዘገየህ ስድቡ በዜማ ይጀምራል። አባቴ ሆን ብሎ ይዘገይ ነበር። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ በገዛ ስስቱ ላይ የሚገጠመውን እየሰማ ይስቃል። እናቴ «ሰው ሰማኮ፣ ኧረ ውጣ!» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ቆይ፣ ገና ቤቱን አልመታም» ይላታል። ቤት መምታቱን ከሰማ በኋላ ነው እህሉን ሰፍሮ የሚወጣው።

አሁን ያ ምን ነበር? ልመና ነው። በሽታ ፍራቻ አለበት። ስድብ ነው። ምስጋናም ነው። ኮሜዲ ነው ያለ ሰው አልነበረም፣ ያልሳቀም ሰው አልነበረም።

ኮሜዲ የሚለውን ስም ቲያትራችን ላይ ያመጡት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ናቸው። ሩሲያ ተምረው የመጡ ሰው ናቸው፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥትም ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ የጻፉት ቲያትር «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» ይባላል። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቲያትራችን እሱ ነው። እንስሳቱ ሲናገሩ መኳንንቱ ነገሩ በማን ላይ እንደሆነ ገባቸው፤ ቲያትሩ ታገደ። አያችሁ? ስሙ ላይ ኮመዲያ ተብሎ ተጽፎበት የሚመለከተው ሰው አልሳቀም። ስሙን የሚሰጠው ጸሐፊው ነው፣ ሳቁን ግን የሚሰጠው ማን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ኮምቦልቻ ፊት ወንበር ማን ነበር ያለው ልጅ ልክ ብሏል።

ደግሞ ወሎን ውጭ ያለ ሰው የሚያውቀው ወይ በቆንጆ ወይ በድርቅ ነው። በ66ም በ77ም የተነሳው ፎቶ ላይ የሚስቅ ሰው የለም። እኔ በ77 እዚያው ነበርኩ። ይቀለድ ነበር። ምን ተብሎ እንደተቀለደ እዚህ አልጽፈውም።

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)፦

አባቴ፣ ረጅም እድሜ ይስጥዎት። ይጻፉልን እንጂ!

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)፦

አይሆንም።

የመድረክ ልጅ (ደሴ)፦

እኔ ቲያትር የተማርኩ ነኝ፣ ትንሽ ልፈላሰፍ 😅

አርስቶትል ስለሚያስቅ ነገር ሲጽፍ ጉድለት ወይም አስቀያሚነት ይሁን፣ ግን ሕመምና ጥፋት የሌለበት ይሁን ነው ያለው። በእሱ ሚዛን የስልኩ ትዕይንት ያልፋል፣ መናኸሪያው ይወድቃል። ሮማዊው ፕላውተስ ደግሞ አንድ ቲያትሩ ላይ አማልክትና ባሪያዎች አንድ ላይ ስለወጡበት ኮሜዲ ልበለው ወይስ ትራጀዲ ብሎ ሁለቱን ቃል ገጣጠማቸው። ትራጂኮሜዲ የመጣው ከዚያ ነው። ቀልድ አድርጎ ነው ያመጣው፣ በኋላ ቁም ነገር ሆነ።

ለዚህ የሚቀርበው ግን የቼኾቭ ነው። «የቼሪ አትክልት ቦታ» የተባለውን ኮሜዲ ብሎ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1904 ሞስኮ ላይ ስታኒስላቭስኪ ሲያዘጋጀው ግን ትራጀዲ አድርጎ አየው። ቼኾቭ እስኪሞት ድረስ ተበሳጨ፤ የሞተውም በዚያው ዓመት ነው። ደራሲው ኮሜዲ ይላል፣ አዘጋጁ ያለቅሳል። ከመቶ ዓመት በኋላም አዘጋጆች በእሱ ይጣላሉ።

የጦሳ ሥር፣ «ትራጂኮሜዲ» ብለህ ገላገል። እንግሊዝኛውም አማርኛውም አንድ ነው።

መምህርቷ (ወልዲያ)፦

ትክክል ነው፣ ግን ስም ቀየርክለት እንጂ ጥርጣሬ አልገለጽክም። ልጁ የጠየቀው መጠራጠርን ነው። ደግሞ ፖስተሩ ሙሉ ኮሜዲ እያለ ከሥሩ ትራጂኮሜዲ ብሎ መጻፍ አዘጋጁን ማረም ነው።

የመድረክ ልጅ (ደሴ)፦

እሺ መምህርት፣ ተቀመጥኩ።

ጆንያዋ (ደሴ)፦

ሰላም። ሰው ልኮልኝ ነው ያነበብኩት። እናትየዋን የምጫወተው እኔ ነኝ።

ስለ መጨረሻው አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናትየዋ ልጇን አውቃዋለች ወይስ አላወቀችውም? ድርሰቱ ላይ የለም። አያን ስጠይቀው «አንቺ የምታውቂውን አድርጊ» አለኝ። ስለዚህ መድረክ ላይ ነው የምወስነው።

ደሴ ላይ አውቄዋለሁ ብዬ ነው የተጫወትኩት። ጆንያውን ሲያነሳ እጁን አየሁት። 50 ብሩን ከመቀነቴ ስፈታ ቆየሁ። ቋጠሮዋን አንዴ ፈታሁ፣ መልሼ ቋጠርኳት፣ እንደገና ፈታኋት። ያን ጊዜ ነው አዳራሹ ዝም ያለው። ሰዉ ገባው። ማታ ስልኩ ላይ «ትከሻህን አደራ» ስል አንዲት ሴትዮ ከኋላ ስታለቅስ እሰማታለሁ።

ኮምቦልቻ ስንሄድ ግን ፊት ወንበር ላይ እነዚያን ልጆች አየኋቸው። ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ነው የገቡት። ልቤ እምቢ አለኝ። እነሱ ፊት አውቄ ዝም ያልኩ እናት መሆን አልቻልኩም። አላወቅኩትም ብዬ ተጫወትኩ። ብሩን ቶሎ ሰጠሁት፣ ሄድኩ፣ «ውይ ምስኪን!» ብዬ ተመልሼ ጨመርኩለት። ሳቁ። «ትከሻህን አደራ» የሚለውን እንኳ እንደ ተራ የእናት ምክር ፈጠን አድርጌ ነው ያልኩት።

ስለዚህ የደሴ ሰውና የኮምቦልቻ ሰው የተለያየ ስለሆነ አይደለም። የተለያየ ነገር ነው ያያችሁት። ቃሉ ግን አንድ ነው፣ አንድ ፊደል አልተቀየረም።

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)፦

ያረቢ! እኔ እዚህ የተሸካሚውን ኩራት እያወራሁ…

የመድረክ ልጅ (ደሴ)፦

እታለም፣ ቼኾቭን ተዪው፣ ያንቺን ቋጠሮ ነው የሚያስተምሩት መሆን ያለበት።

ያየሁትን (ባቲ)፦

ጆንያዋ፣ አንድ ጥያቄ። አውቀሽው ለምን ዝም ትያለሽ? እኔ ብሆን እዚያው መናኸሪያ ላይ አንቄ እይዘዋለሁ።

ጆንያዋ (ደሴ)፦

እህቴ፣ እኔም ብሆን እንደዚያው ነው። ግን ልጁ ፊቱን ሸፍኗል። ገልጣ ብታየው ከዚያ በኋላ አይደውልላትም ብዬ ነው የማስበው። ስልኩን ላለማጣት ነው ዝም የምትለው። ሌላ ተዋናይ ሌላ ልታስብ ትችላለች።

ያየሁትን (ባቲ)፦

እናቴ ስለ ወንድሜ የምታውቀውንና የማታውቀውን እኔም ጠይቄያት አላውቅም። አመሰግናለሁ።

ሲያትል ያለው የቦረና ልጅ፦

ቪዲዮው የትኛው ነው? የደሴው ወይስ የኮምቦልቻው?

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦

የደሴው ነው የተቀረጸው። እና ይሄው ነው ችግሩ፤ የማያስቀው መጨረሻ ነው ወደ እናንተ የሚመጣው፣ ያውም «ሳቅ በሳቅ» ተብሎ።

ከሁላችሁም ወስጄ ይቺን ሞክሬያለሁ፦

«ቢልድ አዝ ኤ ኮሜዲ፣ ኤንድ ፎር አን አወር ኢት ኢዝ ዋን። አባውት ዘ ላስት ሲን፣ ኦዲየንስስ ኢን ዴሴ ኤንድ ኮምቦልቻ ዲሳግሪድ።»

ኮሜዲ ተብሎ ቀርቧል፣ ለአንድ ሰዓት ያህልም ነው፤ በመጨረሻው ትዕይንት ግን የደሴና የኮምቦልቻ ተመልካች አልተስማሙም ነው የሚለው። እኔ የትኛው ወገን እንደሆንኩ አልተናገርኩም። መምህርት?

መምህርቷ (ወልዲያ)፦

ጥሩ ነው። «ፎር አን አወር ኢት ኢዝ ዋን» የምትለዋን ወድጃታለሁ። ማመንህንም መጠራጠርህንም አንድ ላይ ይዛለች። ሰዓቱ ሲያልቅ ምን ይሆናል ብሎ አንባቢው ራሱ ይጠይቃል።

አዘጋጁ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ልጆቹ ሊንኩን ላኩልኝ። አብሽር፣ አልተቀየምኩም። ቡናውም እንዳለ ነው።

ፖስተሩ ላይ ሙሉ ኮሜዲ ያልነው ለምን መሰላችሁ? ልናሳትም ስንሄድ «ድራማ ካላችሁ ማን ይገባላችኋል? ሰው የቤቱ ድራማ ይበቃዋል» አሉን። የአዳራሽ ኪራይ አለ። መብራት ከሄደ ጀነሬተር አለ። ልጆቹ የሚሠሩት ለትራንስፖርት በማይበቃ ብር ነው። እና ኮሜዲ አልነው፣ ሰውም ገባ። እኔ ስጽፈው ግን ምንም ብዬው አላውቅም። «የስልኩ» ነበር የምንለው።

እናትየዋ ታውቃለች አታውቅም ለሚለው እኔ አልመልስም። ከእሷ ጋር ጨርሱ።

አንድ ነገር ብቻ። «ላስት ሲን» የምትለውን አውጣልኝ ወንድም ዓለም። ገና ያላየ ሰው ከመጀመሪያው መጨረሻውን እየጠበቀ ይቀመጣል። ኤሲው ሲነፋ መሳቁን ይተዋል።

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦

እሺ አያ። ግን እሷን ሳወጣ «ዲሳግሪድ» ብቻዋን ተንጠልጥላ ትቀራለች። በምንድን ነው ያልተስማሙት ይባላል።

መምህርቷ (ወልዲያ)፦

«ዲሳግሪድ አባውት ዌን ቱ ስቶፕ ላፊንግ» በለው። ሳቅ መቼ ይቁም በሚለው አልተስማሙም። የት እንደሆነ አልተነገረም፣ ኮሜዲ አይደለምም አላልክም።

አዘጋጁ (ደሴ)፦

እሷን ፖስተሩ ላይም እናድርጋት እንዴ?

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)፦

በአማርኛ ካደረጋችኋት ትኬት አይሸጥም 😂

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ወሰድኩት። ማታ ከቪዲዮው ሥር እለጥፈዋለሁ። የሲያትሉ፣ ከልጆችህ ጋር አይተህ ሳቃቸው የት ላይ እንደቆመ ጻፍልን።